ከኩብ እኩልታ እስከ ሦስት ፌዝ፦ ውስብስብ ቁጥሮች በኤሌክትሪክ ምሕንድስና

ፊዚክስና ምሕንድስና ከሒሳብ ከወሰዷቸው ጽንሰ ሐሳቦች መካከል፣ የውስብስብ ቁጥሮችን ያህል ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ሲታይ ኖሮ በመጨረሻ ከዕለት ተዕለት ሥራ የማይነጠል መሣሪያ የሆነ ሌላ ማግኘት ያዳግታል። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ዳግም ዘር፣ ማለትም ተማሪዎች ስኩዌር ሩት የሚሉትን፣ ከመፈለግ ነው፤ ከዜሮ በላይም ሆነ ከዜሮ በታች ያለ ማንኛውም የተለመደ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የለውም ተብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታለፍ ቆይቷል። ዛሬ ግን የኃይል ማመንጫዎችን የሚያቀናጁ፣ ማስተላለፊያ መስመር የሚዘረጉና ሞተር የሚሠሩ መሐንዲሶች ሁሉ በዚሁ ቁጥር ያሰላሉ፤ በአንድ ተራ ወፍጮ ቤት ሞተር ላይ የሚነበበው 380 ቮልት የሚል ጽሑፍ ሳይቀር ምክንያቱ የሚገኘው እዚሁ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የነገሩ መነሻ የኤሌክትሪክ ኃይል ከመታወቁ ብዙ አስቀድሞ በጣሊያን የተካሄደ የአልጀብራ ፉክክር ነው። የሚላኑ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ በ1545 «አርስ ማግና» የተባለውን መጽሐፉን በኑረምበርግ ሲያሳትም፣ የኩብ እኩልታን፣ ማለትም ያልታወቀው ቁጥር ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝበትን የሒሳብ ዐረፍተ ነገር፣ የሚፈታውን ቀመር ለሕዝብ ይፋ አደረገ፤ ቀመሩን ቀደም ሲል ሺፒዮኔ ዴል ፌሮ ደርሶበት ነበር፣ ኒኮሎ ታርታሊያም በራሱ መንገድ አግኝቶ በምሥጢር እንዲያዝ አደራ ብሎ ለካርዳኖ ነግሮታል። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ካርዳኖ አንድ እንግዳ ጥያቄ አቅርቧል፤ 10ን ለሁለት ከፍሎ የሁለቱ ክፍሎች ብዜት 40 እንዲሆን ማድረግ ይቻላልን? 10 ለሁለት ሲከፈል ትልቁ ብዜት 5 በ5 ተባዝቶ የሚገኘው 25 ስለሆነ፣ በተለመዱት ቁጥሮች ይህ ፈጽሞ አይሆንም። ካርዳኖ ግን አንደኛው ክፍል 5 ሲደመር የ−15 ዳግም ዘር፣ ሁለተኛው 5 ሲቀነስ የ−15 ዳግም ዘር ቢሆን፣ ድምራቸው 10፣ ብዜታቸውም 25 ሲቀነስ −15 ማለትም 40 እንደሚሆን አሳየ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ እርሱ ራሱ ግን ነገሩን ረቂቅ ሆኖም ጥቅም የሌለው አድርጎ ተመለከተውና አለፈው።

ጥቅም እንዳለው መጀመሪያ የተረዳው መሐንዲስ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ራፋኤል ቦምቤሊ በቱስካኒ የሚገኘውን የቫል ዲ ኪያና ረግረግ የማድረቅ ሥራ የሠራ የውኃ መሐንዲስ ሲሆን፣ በ1572 ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፉ ውስጥ የካርዳኖ ቀመር የሚያስከትለውን አንድ አስገራሚ ሁኔታ በድፍረት መረመረ። የአንድ ቁጥር ኩብ የቁጥሩ 15 እጥፍ ላይ 4 ሲጨመር ከሚገኘው ጋር እኩል ይሁን ቢባል፣ መልሱ 4 እንደሆነ ማንም ፈትሾ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ የ4 ኩብ 64 ነው፣ 15 ጊዜ 4 ሲደመር 4ም 64 ነው። ቀመሩ ግን ይህን ቀላል መልስ የሚሰጠው የ−121 ዳግም ዘር ባለባቸው ሁለት ቁጥሮች በኩል ዞሮ ነው። ቦምቤሊ የማይቻሉ የተባሉትን ቁጥሮች እንደ ማንኛውም ቁጥር ደምሮና አባዝቶ ሲጨርስ፣ እንግዶቹ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ንጹሕ 4 ብቻ ቀረ። እውነተኛ መልስ ለማግኘት እውነተኛ አይደሉም በተባሉ ቁጥሮች መካከል ማለፍ ግድ መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሊካድ የማይችል ሆነ፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የውስብስብ ቁጥሮች ታሪክ የሚጀምረው ከካርዳኖ ጥያቄ ሳይሆን ከዚህ ከቦምቤሊ ስሌት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በ1637 እነዚህን ቁጥሮች ምናባዊ ብሎ ጠራቸው፣ ስሙም ጸናባቸው። በራሱ ሲባዛ −1 የሚሰጠው ቁጥር ምናባዊ አሃድ ይባላል፤ በዓለም አቀፍ አጻጻፍ አይ በተባለው የላቲን ፊደል፣ ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ዘንድ ደግሞ አይ ለኤሌክትሪክ ጅረት ስለተያዘ ጄ በተባለው ፊደል ይጻፋል፤ እዚህ ለአንባቢ እንዲቀል በ«ም» ይወከላል። ስለዚህ የ−1 ዳግም ዘር ም ሲሆን፣ 3 + 4ም የሚለው አጻጻፍ 3 እውናዊ ክፍልና 4 ምናባዊ ክፍል ያሉትን አንድ ውስብስብ ቁጥር ያመለክታል።

ቁጥሮቹ ከአልጀብራ ወጥተው ዓይን ሊያያቸው የሚችል መልክ ያገኙት በካርታ ሠሪ እጅ ነው። በዴንማርክ የመሬት ቅየሳ ሥራ ላይ የነበረው ኖርዌያዊው ካስፓር ቬሰል በ1797 ለዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ውስብስብ ቁጥር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ካለ አንድ ነጥብ ጋር ሊገጣጠም እንደሚችል አስረዳ፤ እውናዊው ክፍል ወደ ግራና ቀኝ በሚሄደው ዘንግ ላይ፣ ምናባዊው ክፍል ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄደው ዘንግ ላይ ይለካል። ጽሑፉ በዴንማርክኛ ስለነበር ለመቶ ዓመት ያህል የሚያነበው ጠፍቶ ቀረ፤ ተመሳሳዩን ሐሳብ ዣን ሮበር አርጋን በ1806 በፓሪስ ደገመው፣ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስም በ1831 በታላቅ ስሙ አጽድቆ በሒሳብ ዓለም ውስጥ አጸናው።

ከዚህ ሥዕል የሚገኘው ትልቁ ትርፍ የማባዛት ትርጉም ነው። 3 + 4ም በ ም ቢባዛ፣ 3ም ሲደመር 4 ጊዜ የም ብዜት በራሱ ይሆናል፤ ም በራሱ ሲባዛ −1 ስለሆነ ውጤቱ −4 + 3ም ነው። ሁለቱ ነጥቦች ወረቀት ላይ ቢቀመጡ ከመነሻው ዜሮ እኩል 5 አሃድ ርቀት ላይ ሆነው ይገኛሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እርሱም በትክክል 90 ዲግሪ፣ ማለትም ሩብ ዙር ነው። በ ም ማባዛት ማለት ርዝመት ሳይለወጥ ሩብ ዙር ማዞር ነው። ሁለት ጊዜ ሲባዛ ግማሽ ዙር ይሆናል፤ ወደ ምሥራቅ ፊቱን ያዞረ ሰው ሁለት ጊዜ ሩብ ዙር ሲዞር ወደ ምዕራብ እንደሚያይ ሁሉ፣ ቁጥር 1 ሁለት ጊዜ ሩብ ዙር ሲዞር −1 ላይ ያርፋል። የ−1 ዳግም ዘር ሁለት ጊዜ ሲደገም ግማሽ ዙር የሚያስዞር ቁጥር እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ርዝመትና አቅጣጫ ያለው ይህ ቁጥር ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ነጥቡ የሚያመለክት ቀስት ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ሁለት ውስብስብ ቁጥሮች ሲባዙም ርዝመቶቻቸው ይባዛሉ፣ ማዕዘኖቻቸው ግን ይደመራሉ።

ይህ ለፊዚክስ ያለው ዋጋ የሚታወቀው ተፈጥሮ ምን ያህል በሚመላለስ ነገር የተሞላች መሆኗ ሲስተዋል ነው። የድምፅ ንዝረት፣ የብርሃን ሞገድ፣ የሞላ መርገብገብ፣ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማለት፣ ሁሉም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሄደው የሚመለሱ ናቸው። በእኩል ፍጥነት በክብ ዙሪያ የሚዞር ነጥብ በአግድሙ ዘንግ ላይ የሚጥለው ጥላ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚመላለስ ንዝረት ነው፤ ስለዚህ ንዝረትን የዙረት ጥላ አድርጎ ማየት ይቻላል። የስዊሱ ሊቅ ሌኦንሃርድ ኦይለር በ1748 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ግንኙነት በቀመር አስሮ፣ የዕድገትንና የመቀነስን ሕግ የሚገልጸው ኤክስፖኔንሻል የተባለው ሒሳብ ምናባዊ ቁጥር ሲሰጠው ዙረትን የሚገልጽ እንደሚሆን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ በሳይንና በኮሳይን የሚጻፍ ማንኛውም መመላለስ፣ በአንድ የሚዞር ውስብስብ ቁጥር ሊተካ የሚችል ሆነ፤ ስሌቱ ካለቀ በኋላ እውናዊው ክፍል ብቻ ይወሰዳል።

መሐንዲሶች ይህን ሀብት አንሥተው የተጠቀሙበት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው፤ ያስገደዳቸውም ተለዋዋጭ ጅረት ነው። በማመንጫ ውስጥ ማግኔት በሽቦ ጥቅልሎች መካከል ሲዞር የሚፈጠረው ቮልቴጅ አንድ ጊዜ ወደ አንዱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል፤ በኢትዮጵያና በብዙ አገሮች ይህ መመላለስ በሰከንድ 50 ጊዜ ይፈጸማል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ተለዋዋጭ ጅረት ከቀጥተኛው ጅረት ይልቅ በትራንስፎርመር ቮልቴጁን ከፍ እያደረጉ ረጅም ርቀት ለማስተላለፍ እንደሚመች ሲታወቅ፣ ገበያው ወደ እርሱ አዘነበለ፤ የሚያሰሉት ሰዎች ግን ተቸገሩ። በቀጥተኛ ጅረት ዘመን ሥራው ቀላል ነበር፤ የኦም ሕግ ቮልቴጅ ጅረትና ተቃውሞ ሲባዙ የሚገኝ ነው ይላል፣ አንድ ማባዛት ወይም ማካፈል ይበቃል። በተለዋዋጭ ጅረት ግን ጅረቱ ከቮልቴጁ ጋር አብሮ አይነሣም፣ አብሮም አይወድቅም፤ አንዳንዱ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ይቀድማል፤ እያንዳንዱን ለማወቅም የለውጥን ፍጥነት የሚመረምረው የካልኩለስ ሒሳብ በየደረጃው ይጠየቅ ነበር።

ችግሩን ያቀለለው ቻርልስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝ ነው። በ1865 በዛሬይቱ ፖላንድ፣ በያኔዋ የጀርመን ከተማ ብሬስላው ተወለደ፤ በሶሻሊስት እንቅስቃሴው ምክንያት ከአገሩ ሸሽቶ በ1889 አሜሪካ ገባ፤ ከጊዜ በኋላም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ታላቁ መሐንዲስ ለመሆን በቃ። በነሐሴ 1893 በቺካጎ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ጽሑፍ፣ ተለዋዋጭ ቮልቴጅና ጅረት እያንዳንዳቸው በአንድ ውስብስብ ቁጥር ቢወከሉ፣ የኦም ሕግ እንደ ቀድሞው አንድ ማባዛት ብቻ ሆኖ እንደሚመለስ አሳየ። በዚያው ዓመት አርተር ኬነሊም ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ዘዴውን አብራርቶ በመጻሕፍት ወደ መሐንዲሶች ሁሉ ያደረሰው ግን ስታይንሜትዝ ነው።

ለምን እንደሚሠራ መረዳት ይቻላል። የሽቦ ጥቅልል በውስጡ የሚያልፈው ጅረት ሲለወጥ ለውጡን የሚቃወም ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ የቮልቴጁ መጠን ጅረቱ በሚለወጥበት ፍጥነት ይወሰናል። ጅረቱ በሚዞር ቀስት ቢወከል፣ በክብ ዙሪያ የሚሄድ ነጥብ በየቅጽበቱ የሚጓዝበት አቅጣጫ ከመነሻው ወደ እርሱ ከሚደርሰው ቀስት ጋር 90 ዲግሪ ስለሚሠራ፣ የለውጡን ፍጥነት ማግኘት ማለት ቀስቱን ሩብ ዙር ማዞርና በዙረቱ ፍጥነት ማባዛት ነው። ሩብ ዙር ማዞር ደግሞ በ ም ማባዛት መሆኑ አስቀድሞ ታይቷል። ስለዚህ የካልኩለስ ሥራ ወደ ተራ ማባዛት ወርዷል ማለት ነው፤ ይህም በምሕንድስና ውስጥ ከተገኙት የሒሳብ ማቅለያዎች ሁሉ ታላቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥቅልሉ ለጅረት የሚያደርሰው ተቃውሞ ም የታከለበት ቁጥር ይሆናል፤ ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ደግሞ በተቃራኒው −ም የታከለበት ተቃውሞ አለው፤ የተራ ሽቦ ተቃውሞ እውናዊ ሆኖ ይቆያል። ሦስቱ ሲደመሩ ኢምፒዳንስ የተባለው ሙሉ ተቃውሞ ይገኛል፤ ቃሉን የሠራው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። 220 ቮልት ላይ የተገናኘ አንድ ሞተር 30 ኦም እውናዊ ተቃውሞና 40 ኦም የጥቅልል ተቃውሞ ቢኖረው፣ 30ንና 40ን ደምሮ 70 ኦም ማለት ስሕተት ነው፤ ኢምፒዳንሱ 30 + 40ም ስለሆነ ርዝመቱ ቀጥተኛ ማዕዘን ካለው ሦስት ጎን እንደሚታወቀው 50 ኦም ነው፣ ጅረቱም 220 ለ50 ተካፍሎ 4.4 አምፒር ይሆናል። ቁጥሩ ከመጠን በተጨማሪ አቅጣጫ ስላለው፣ ጅረቱ ከቮልቴጁ 53 ዲግሪ ያህል እንደሚዘገይም በዚያው ስሌት ይታወቃል። ከ4.4ቱ አምፒር ከቮልቴጁ ጋር እኩል የሚሄደው 2.64ቱ ብቻ ነው፤ ሥራ የሚሠራውና ወደ ሙቀት ወይም ወደ ዙረት የሚለወጠው እርሱ ነው። የቀረው 3.52 አምፒር ምናባዊ ክፍል ነው፤ በጥቅልሉ ውስጥ ማግኔታዊ መስክ ሲሠራና ሲፈርስ በሞተሩና በማመንጫው መካከል ሲመላለስ ይኖራል፣ ሥራ ግን አይሠራም።

ምናባዊ ቢባልም ጅረቱ በሽቦው ውስጥ በእውነት ይፈስሳል፣ ሽቦውንም ያሞቃል። በሽቦ ላይ የሚጠፋው ኃይል ከጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ 4.4 አምፒር የሚያጓጉዝ መስመር 2.64 አምፒር ከሚያጓጉዘው ሦስት እጥፍ ገደማ ያባክናል። መፍትሔው በሞተሩ ጎን ካፓሲተር ማስቀመጥ ነው፤ ካፓሲተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ 3.52 አምፒር ሲወስድ ሁለቱ ምናባዊ ክፍሎች ተጣፍተው በመስመሩ ላይ የሚያልፈው 2.64 አምፒር ብቻ ይሆናል፤ ሞተሩ የሚሠራው ሥራ አይቀንስም፣ በመስመሩ ላይ የሚባክነው ግን ከቀድሞው 36 በመቶ ላይ ይወርዳል። በፋብሪካዎችና በማከፋፈያ ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ ተደርድረው የሚታዩት የካፓሲተር ሣጥኖች ሥራቸው ይህ ነው፤ በብዙ አገሮችም ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከጅረቱ ውስጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ፣ ያነሰ ፋብሪካ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። ቦምቤሊ እርስ በርስ ሲጣፉ ያያቸው ምናባዊ ክፍሎች እዚህ በብር የሚታሰብ ትርፍና ኪሳራ ሆነዋል።

የኩብ እኩልታው ራሱ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ መስመር የገባበት ሌላ በር አለ። ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 የሚሰጥ ቁጥር ምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው 1 ብቻ ነው ይላል፤ በውስብስብ ቁጥሮች ግን መልሱ ሦስት ነው፤ ራሱ 1፣ ከ1 በ120 ዲግሪ የዞረ ቁጥርና በ240 ዲግሪ የዞረ ቁጥር። ማዕዘኖች ሲባዙ ስለሚደመሩ፣ 120 ሦስት ጊዜ 360 ዲግሪ፣ ማለትም ሙሉ ዙር ሆኖ ወደ 1 ይመለሳል። ሦስቱ ነጥቦች በክቡ ዙሪያ እኩል ተራርቀው ስለሚቀመጡ ድምራቸው ዜሮ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ፣ በተለምዶ ስሪ ፌዝ የሚባለው አሠራር የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ በማመንጫው ዙሪያ በ120 ዲግሪ የተራራቁ ሦስት ጥቅልሎች ሦስት ቮልቴጆች ይፈጥራሉ፣ በሦስቱም ላይ ያለው ጭነት እኩል ሲሆን ሦስቱ ጅረቶች ተደምረው ዜሮ ስለሚሆኑ ጅረቱን የሚመልስ ሌላ ሽቦ አያስፈልግም፤ ለሞተርም የሚዞር ማግኔታዊ መስክ ይሰጣሉ፣ ጉልበቱም ሳይንቀጠቀጥ እኩል ይመጣል። አሠራሩ በ1891 በጀርመን ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ኃይል በማስተላለፍ ለዓለም ተገለጠ።

380 ቮልት ከየት እንደመጣ የሚያስረዳውም ይኸው ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ፌዝ ከምድር አንጻር 220 ቮልት ነው፤ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ግን የሚገናኘው በአንዱ ፌዝና በሌላው መካከል ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ነው። ከ1 እስከ ሁለተኛው የ1 ኩብ ዘር ድረስ በአግድም 1.5፣ ወደ ላይ የ3 ዳግም ዘር ግማሽ ያህል ነው፤ የሁለቱ ካሬዎች 2.25ና 0.75 ሲደመሩ 3 ይሆናሉ፣ ስለዚህ ርቀቱ የ3 ዳግም ዘር፣ ማለትም 1.732 ገደማ ነው። 220 በዚህ ሲባዛ 381 ይሆናል፤ 380 ተብሎ የተለመደውም ለዚህ ነው።

ሦስቱ ፌዞች እኩል በማይሆኑበት ጊዜ፣ ለምሳሌ አንዱ ሽቦ ተበጥሶ መሬት ሲነካ፣ ስሌቱ ይወሳሰባል። ካናዳ ውስጥ ተወልዶ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ለጌት ፎርቴስኩ በ1918 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የትኛውም የተዛባ ሦስት ፌዝ ሚዛናቸውን የጠበቁ ሦስት ስብስቦች ተደርጎ ሊበተን እንደሚችል በእነዚሁ የ1 ኩብ ዘሮች አረጋገጠ። አደጋ ሲደርስ መስመሩን በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ቆርጠው የሚያቋርጡት መከላከያ መሣሪያዎች ዛሬም የሚያሰሉት በፎርቴስኩ ዘዴ ነው፤ በሰውና በንብረት ላይ ሊደርስ ከሚችለው ጉዳት ስንቱን እንዳስቀረ ሲታሰብ፣ ስሙ ከዘርፉ ውጭ አለመታወቁ ያሳዝናል።

ከኤሌክትሪክ ውጭ ያለውም አገልግሎት ጥቂት አይደለም። ሞላ ላይ የተቀመጠ መኪና ጉድጓድ ሲመታ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ የሚገልጸው እኩልታ ሁለት ዘሮች አሉት፤ ዘሮቹ እውናዊ ሲሆኑ መኪናው ሳይወዛወዝ ይረጋል፣ ውስብስብ ሲሆኑ ግን እየተወዛወዘ ይረጋል፤ እውናዊው ክፍል ውዝዋዜው ምን ያህል ቶሎ እንደሚበርድ፣ ምናባዊው ክፍል በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይናገራሉ። እውናዊው ክፍል ከዜሮ በላይ ከሆነ እንቅስቃሴው መብረዱ ቀርቶ እያደገ ይሄዳል፤ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የታኮማ ናሮውስ ድልድይ በኅዳር 1940 በነፋስ ተወዛውዞ የፈረሰው፣ ነፋሱ የድልድዩን ውዝዋዜ ከማብረድ ይልቅ ስለመገበው ነው። የአውሮፕላንና የሮኬት መቆጣጠሪያ የሚነድፉ መሐንዲሶች ከሁሉ በፊት የሚያረጋግጡት የእኩልታቸው ዘሮች ሁሉ ከዜሮ በግራ በኩል መቀመጣቸውን ነው።

በኳንተም ፊዚክስ ደግሞ ነገሩ ከማቅለያነት ያልፋል። ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1926 ያወጣው የአቶምን ባሕርይ የሚገልጽ እኩልታ ም በውስጡ አለበት፤ እርሱ ራሱ በመጀመሪያ ይህን አልወደደውም። በኤሌክትሪክ ስሌት ውስብስብ ቁጥር ቢቀር በሳይንና በኮሳይን እየደከሙ መድረስ ይቻላል፤ በ2021 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ግን፣ የኳንተም ቲዎሪ በተለመደው አወቃቀሩ በእውናዊ ቁጥሮች ብቻ ቢጻፍ በሙከራ ሊለይ የሚችል የተለየ ትንበያ እንደሚሰጥ አሳይቷል፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎችም ውስብስብ ቁጥሮችን የሚጠቀመውን ደግፈዋል።

ኢትዮጵያ ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ከውኃ ሲሆን፣ ግድቦቹ ከከተሞች ርቀው ስለሚገኙ የረጅም መስመር ጉዳይ ለአገሪቱ የዕለት ጥያቄ ነው። በተለዋዋጭ ጅረት የሚሠራ መስመር ሲረዝም የሽቦው የጥቅልል ባሕርይ እያደገ ሊያልፍ የሚችለውን ኃይል ይገድባል፣ በሽቦውና በመሬት መካከል ያለው የካፓሲተር ባሕርይም ጭነት በሌለበት ሰዓት ሳይቀር ምናባዊ ጅረት ይስባል፤ ከዚህም ሌላ ሁለት አገሮች በተለዋዋጭ ጅረት ሲገናኙ ማመንጫዎቻቸው ሁሉ በአንድ እርምጃ መዞር ይኖርባቸዋል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋውና በ2022 ሥራ የጀመረው መስመር በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት እንዲሠራ የተደረገው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ቀጥተኛ ጅረት ስለማይመላለስ የዙረቱ ፍጥነት ዜሮ ነው፤ ም የታከለበት ክፍል ሁሉ ከዙረቱ ፍጥነት ጋር ስለሚባዛ፣ በተረጋጋ ሥራ ጊዜ ከስሌቱ ይወጣል፣ የቀረው እውናዊው የሽቦ ተቃውሞ ብቻ ነው። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ በሁለቱም ጫፍ ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውን ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይሩ ውድ ጣቢያዎች መትከል ነው። መስመሩ 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስብስብ ቁጥሮች ሲቀርቡ፣ ብዙውን ጊዜ የ−1 ዳግም ዘር ም ይሁን ከሚል ትእዛዝ ተነሥቶ ወደ መደመርና ማባዛት ደንቦች ይኬዳል፤ ተማሪውም ለምን እንደሚማረው ሳያውቅ ያልፋል። መምህራን ትምህርቱን ከሩብ ዙር ቢጀምሩትና፣ ተማሪው የ1ን ሦስት ኩብ ዘሮች በወረቀት ላይ አስቀምጦ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ በ220 እንዲያባዛ ቢያደርጉት፣ በሰፈሩ ወፍጮ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በገዛ እጁ ያገኘዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ኮምፓስና ማስመሪያ ብቻ ነው።